የአህያዋ ገጽ

ይድረስ ለታናሽ እህቴ፣

እንደምን ከረምሽ የኔ እናት? ወገብሽስ ተሻለሽ? ባልሽ ደህና ነው? ማሙሽ ጥርስ አወጣ ወይስ አሁንም ድዱን ብቻ ያሳያል? እኛ ደህና ነን። ልጅሽ ጮሌዬም ቤቱን በወሬ ሞልታ አለችልሽ። በስልክ ብነግርሽ አልቅሰሽ ስለምታቋርጪኝ ነው የጻፍኩት።

ጮሌዬ ስታነብ ያየሽበት ያ ቪዲዮ ውሸት ነው።

እኔ የማጸዳበት፣ እሷ የምትማርበት መዋዕለ ሕጻናት እንግዳ ይመጣል ተባለ። መምህርቷ ግጥሙን ያመጣችው ለበጎ ነበር፤ «ዶሮ ወጣች ከቤት፣ ልትጠጣ ወተት፣ አገኘቻት ድመት» የሚል። «ቤት» ላይ የመጨረሻውን ፊደል በጣት ታስነካቸዋለች፣ «ወተት» ላይ ያንኑ ይፈልጋሉ፣ «ድመት» ላይ ራሳቸው ይደርሱበታል። ዳይሬክተሯ ግን ጊዜ የለንም ብላ በቃል አስሸመደደቻቸው፤ ለያንዳንዱ ልጅ ከመጽሐፉ አንድ አንድ ገጽ፤ ለጮሌዬ የዶሮዋ ደረሳት። እኔም ሞኟ ድስት እያጠብኩ አብሬ አስጠናኋት፤ ንባብ መስሎኝ!

በዕለቱ መወልወያዬን ይዤ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። ጮሌዬ መጽሐፉን ስትገልጥ ሁለት ቅጠል አብሮ ተገለጠባት። ፊቷ ያለው አህያ ነው፣ ከሥሩም የአህያዋ ጽሑፍ። እሷ እቴ! ጣቷን በመስመሩ ላይ እየነዳች ዶሮዋን ከቤት አወጣቻት። እንግዶቹ አጨበጨቡ። ዳይሬክተሯ አይታለች፤ ቪዲዮው ላይ እንዳትታይ አህያዋን በመዳፏ ከልላ ፈገግ አለች። አፌን ሬት ሬት አለኝ።

ኋላ ቢሮዋን ስጠርግ ብነግራት፣ «አንቺ ደግሞ! ወላጅ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። እናቷ ሩቅ ናት፣ ደስ ይበላት» አለችኝ። በናፍቆትሽ ስትነግድ! መምህርቷም አንገቷን ደፍታ «ምን ላድርግ እትዬ» ትላለች። እሷንም ተጸየፍኳት። ከሁሉም ግን፣ በደስታ ስታለቅሺ ሰምቼ ዝም ያልኩትን ራሴን።

ለልጅቷ ነገርኳት። «ታዲያ ማንበብ አልችልም?» አለችኝ። «ገና ነሽ» አልኳት። ከንፈሯን ጣለች፤ አንጀቴን በላችው። አሁን በየቀኑ አዲስ እገጥምላታለሁ፣ ቤት የሚመታውን ቃል ግን አልናገርም፤ ጽፌ አሳያታለሁ። ትናንት «አክስቴ ተነሣች በጠዋት፣ ጎረሰች የትናንት» ብዬ አቆምኩ። አፈጠጠች፣ አፈጠጠች፣ መጨረሻዋን ፊደል ለየቻት፣ ከዚያ ወደ ኋላ እየዳኸች «እራት!» ብላ ጮኸች። አንድ ቃል ናት። ግን የራሷ ናት።

አንደኛ ክፍል ትግባ የሚል ፎርም ይልኩልሻል። እንዳትፈርሚ! አንድ ዓመት ትቆይ። ጎበዝ ተብላ ገብታ በልጆች ፊት ከምትዋረድ፣ ጎረቤት እኔን ይማኝ።

ባልሽን ሰላም በይልኝ፤ ቪዲዮውን ለሥራ ጓደኞቹ ሁሉ አሳይቷል ብለሻል፣ እባክሽ ያጥፋው። የአማትሽን ጉልበት፣ የማሙሽን ጉንጭ ሳሚልኝ። ጮሌዬም ሰላም ብላሻለች። ያለ ማንም እርዳታ የምትለየው አራት ፊደል ነው፤ ከስሜ በታች ጽፋልሻለች። እጇን አልያዝኩላትም።

ከኩሽናችን ጠረጴዛ፣ ሰኔ 14 ቀን
ታላቅ እህትሽ

ት ቤ ራ ድ