የማንቆርቆሪያሽ እጀታ

ሚስራ፣
እናትሽ የላኩልሽን የውዱእ ማንቆርቆሪያ እጀታ የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ሌባ አልገባም፣ ፖሊስ እንዳትጠሪ።

አሮጌዎቹ ሁለቱ የበረዶ ተራራ መውጫ መጥረቢያዎቼ ከእጅ ጋር በማሰሪያ ነበር የሚታሰሩት። አሁን ሰው ሁሉ ያለ ማሰሪያ ነው የሚወጣው። እኔም ማሰሪያውን ፈታሁና፣ እጄ ወደ ታች እንዳይንሸራተት እጀታሽን ለሁለት ቆርጬ በየመጥረቢያው እግር ላይ በብሎን ገጠምኩት። ልክክ አለ!

ላስፈቅድሽ ነበር፣ ተኝተሽ ነበር።
አንቺስ በመጥረቢያዬ የመኪናሽን በረዶ ስትፈቀፍቂ መች አስፈቀድሽኝ? መስታወትሽ ስለተሰነጠቀ ዝም አልኩ እንጂ።

አብረውኝ የሚወጡት ልጆች ወደ ተራራው ሊወስዱኝ በር ላይ ክላክስ እያደረጉ ነው።

በማሰሪያዬ ለማንቆርቆሪያው አዲስ እጀታ ሠርቼለታለሁ። እጅሽን አስገቢና ጥብቅ አድርጊው። አንቺ ብትወድቂ እንኳ እሱ አይወድቅም።

ሩዋይዳ