በግቢው መሃል የጣልኩት ሻሽ

ልጄ ሪሃብ፣ አላህ ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ፣ የሰው አገር እንጀራሽን ያለ እንባ ያብላሽ። ሞጣ ክረምቱ ገብቷል። እኛ ግን ደህና አልሰነበትንም።

አከራያችን ስጦታው፣ ለወንድምሽ የገዛሽለት ባጃጅ ግቢ ውስጥ ስለሚያድር የፓርኪንግ ክፈሉ አለን። ቤቱን ስንከራይ ግቢውም አብሮ ነው ብሎ በሽማግሌ ፊት መስማማቱን ረሳው። ያንን ግቢ በየቀኑ የምጠርገው እኔ ነኝ። እምቢ ስንለው ጎማውን በሰንሰለት አሰረው። ወንድምሽ አብዱረህማን ሰንሰለቱን በጠሰው። ሰውየው መጥረቢያ ይዞ ወጥቶ መስታወቱን አደቀቀው፣ ሸራውን ተረተረው። ወንድምሽ የሰውየውን ጉሮሮ አንቆ ከብረት በሩ ጋር ያላትመው ጀመር። የሰውየው ፊት ደም በደም ሆነ። ሊገድለው ነው ብዬ ሻሼን ፈትቼ መሃላቸው ጣልኩ።

የእናት ሻሽ ሲወድቅ ጠብ እንደሚቆም ታውቂያለሽ። ልጄ እጁን ሰበሰበ። ሰውየው ግን ሻሼን ረግጦ አልፎ በመጥረቢያው እጀታ የልጄን ቀኝ ክንድ ሰበረው። የአጥንቱን ድምፅ እስካሁን እሰማዋለሁ።

አሁን ክንዱ በጀሶ ታስሮ ተቀምጧል፤ የሽማግሌ ቃል አልሰማም ይላል። ትናንት ምሳ ሳጎርሰው፣ «እማ፣ ሁለተኛ ሻሽሽን እንዳትጥይብኝ» አለኝ። እሱም መጥረቢያ ገዝቶ አልጋው ሥር አስቀምጧል።

አላህ ዕድሜሽን ያርዝመው፣ በሰላም ያገናኘን። ልጄ፣ እባክሽ ለወንድምሽ ደውለሽ አንቺ ለምኚልኝ። እኔ ከእንግዲህ በምኔ ልለምነው?