ልጄ ፈቃድ ላይ አይደለችም

ለክቡር የአነስተኛ ንግድ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና ለቢሮዎ ወንበር ሙሉ ጤና እመኛለሁ። ወንበሩን የጨመርኩት በመጣሁ ቁጥር በእርስዎ ቦታ የሚቀበለኝ እሱ ስለሆነ፣ ኮትዎንም ትከሻው ላይ ደርቦ ሳያጉረመርም ስለሚጠብቅዎ ነው።

እኔ ከአውቶቡስ ማዞሪያው ጎን ያለችው የክርና የልብስ ቁልፍ ሱቅ ባለቤት እናት ነኝ። ባለቤቷ ልጄ ነበረች። ዝናቡ ከመግባቱ በፊት በአጭር ሕመም ሞታብኛለች። ይህን በመሥሪያ ቤትዎ ደጋግሜ ስለተናገርኩ ወሬው እርስዎም ዘንድ ሳይደርስ አይቀርም ብዬ ነበር። ነገር ግን ባለፈው ሳምንት ከቢሮዎ ተደውሎ «ልጅዎ ከፈቃድ መቼ ነው የምትመለሰው?» ተብዬ ስለተጠየቅሁ፣ ነገሩን ሰው ሁሉ በሚያነበው ጋዜጣ ላይ ማጻፍ ይሻላል አልኩ።

ክቡር ሆይ፣ አስቀድሜ ምስጋናዬን ላቅርብ። መሥሪያ ቤትዎ ለነጋዴው ሁሉ ያደለው፣ የሽያጭ ማሽን ለትንሽ ሱቅ ምን እንደሚጠቅም የሚያስረዳው ባለቀለም ወረቀት አሁንም ማሽኑ ሥር ተነጥፏል። ጥቅሞቹን በቁጥር ስላስቀመጠልን እኔም የእርሱን ተራ ተከትዬ እሄዳለሁ።

አንደኛ፣ ማሽኑ የሱቁን ዕቃ ለይቶ ያሳውቃል ይላል። እውነት ነው፤ እዚህ ላይ አልዋሻችሁም። ማሽኑ የመጣ ዕለት ዋናዋ ተቃዋሚ እኔ ነበርኩ። «አንቺ ልጅ፣ ይሄ ነገር እኛንም ሊሸጠን ነው እንዴ?» ብያታለሁ። እሷም፣ «አይዞሽ እማዬ፣ አንቺን የሚገዛ የለም፤ ትነዘንዣለሽ» ብላ ሳቀችብኝ። ከዚያ ቁጭ ብላ ዕቃውን ሁሉ ወደ ማሽኑ አስገባች። ያስገባችው ግን ፋብሪካው ባወጣለት ስም አይደለም፤ ብቻዬን ስቀር እንዳልደናገር ብላ፣ እኔ በምጠራበት ስም፣ ከነማስጠንቀቂያው ነው። «ጥቁር የሚመስለው ሰማያዊ ክር፣ ደጅ አውጥተሽ እዪው» ብላ ጻፈች። «የሱሪ ዚፕ፣ የቀሚሱን እንዳትሰጫቸው» ብላ ጻፈች። «የሽማግሌ ኮት ቁልፍ፣ ላይኛው መሳቢያ፣ ወንበር ላይ እንዳትወጪ» ብላ ጻፈች። ይኸው ሁሉ ደረሰኙ ላይም ይወጣል። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ደረሰኙን እያነበበ «እናንተ ቤት ክር ሲገዙ ቁጣው ምራቂ ነው» ይል ነበር። ዛሬም ይመጣል፤ ዛሬ ግን አንብቦ አይቀልድም፣ አጥፎ ኪሱ ይከተዋል።

ማሽኑ ላስቲክ ሊያልቅ ሲል ቀድሞ ይነግረን ስለነበር፣ አልቋል ብለን የምንመልሰው ልብስ ሰፊ ጠፋ። እኔ ፊደል እየቆጠርኩ የማነብ ሴት፣ ያለ እሷ ሱቅ ከፍቼ መዋል ቻልኩ። ስለዚህ ማሽኑን እየረገምኩ ነው እንዳይሉኝ። የምጸየፈው ሌላ ነገር ነው።

ሁለተኛ፣ ጊዜ ይቆጥባል ይላል። ይህም እውነት ነው፤ የቆጠበልኝን ጊዜ እናንተ ደጅ ወረፋ ይዤ ጨረስኩት። ማሽኑ ወር በገባ ቁጥር የባለቤቷን የጣት አሻራ ይጠይቃል፣ ካላገኘም ይቆለፋል። ስለዚህ ወደ እኔ ስም እንዲዞር ልለምን መጣሁ። መስኮቱ ላይ ያለችው ሠራተኛዎ ቀና ሳትል «ባለቤቷ ራሷ ትምጣ» አለችኝ። ሞታለች አልኳት። «እሱማ ገብቶኛል እናቴ፣ ግን አሻራውን መስጠት ያለባት እሷ ናት» አለችኝ። የሞት ማስረጃዋን አቀበልኳት። አገላብጣ አየችና፣ ወረቀቱ ጥሩ ነው፣ ሲስተሙ ግን አይቀበለውም አለችኝ። ወረቀቱን ጥሩ ነው ስላለችልኝ በዚህ አጋጣሚ አመሰግናታለሁ፤ እኔ እስካሁን ጥሩነቱ አልታየኝም።

ሦስተኛ፣ ደንበኛን አይረሳም ይላል። ማሽኑ አይረሳ ይሆናል። መሥሪያ ቤትዎ ግን ምን ያህል እንደሚያስታውስ ላሳይዎት። ከሠራተኛዋ ራስ በላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ እርስዎም በገቡና በወጡ ቁጥር የሚያልፉበት ትልቅ ፖስተር አለ። አንዲት ሴት ማሽን አጠገብ ቆማ ትስቃለች፤ ከሥሯም «ማሽኑ ሱቄን አሳደገልኝ» ይላል። ያቺ ሴት ልጄ ናት። ሠራተኞችዎ ሱቃችን ድረስ መጥተው፣ እኔን ከፎቶው ገለል በይ ብለው፣ እሷን ወዲህ ዞር ወዲያ ዞር እያሰኙ ያነሷት ናት። ለነጋዴው ሁሉ ምሳሌ ትሁን ብላችሁ ነበር። እንግዲህ ምሳሌያችሁ ግድግዳ ላይ እየሳቀች፣ እኔ ከሥሯ ቆሜ ልጅ እንደነበረችኝና እንደሞተችብኝ አስረዳለሁ። ፎቶው ላይ ጣቷን ማሽኑ ላይ አሳርፋለች። አምጪ ስትሉኝ የከረማችሁት ጣት እሱ ነው፤ እናንተው ግድግዳ ላይ ነበር።

አራተኛውና የመጨረሻው፣ ባለቤቱ ባይኖርም ሱቁ ሥራውን ይቀጥላል ይላል። ይህን የጻፈው ሰው እጁ ይባረክ።

መቼም መፍትሔ የማያጣ ባለ ክራቫት ባለሙያ አለዎት። ለእኔም አዝኖ፣ ቢሮው አስገብቶ አስቀመጠኝ። ኮምፒውተሩ ላይ ፈልጎ ፈልጎ፣ ሲስተሙ ባለቤትን «ተዛውሯል»፣ «ዘግቷል» ወይም «ፈቃድ ላይ ነው» ብሎ ብቻ እንደሚያውቅ ነገረኝ። «ሞቷል» የሚል ቦታ የለውም። «ግድ የለም፣ ለጊዜው ፈቃድ እናድርጋት፤ ፈቃድ ላይ ላለ ሰው ማሽኑ አሻራ አይጠይቅም» አለኝ። ቀጥሎም የዓመት ዕረፍት ነው ወይስ የሕመም ፈቃድ ብሎ ጠየቀኝ። ክቡር ሆይ፣ እኔ የሞት ማስረጃዋን ደግሜ ዘረጋሁለት። እሱ ግን አልቸገረውም፤ የዓመት ዕረፍት ብሎ ሞላው። ከዚያም ሲያሰናብተኝ «አሁን ይረጋጋሉ» አለኝ።

ያ ፈቃድ ነው እንግዲህ ሲያልቅ ያስደወላችሁ። በስልኩ የተነገረኝም፣ ባለቤቷ እስከ ሰኞ ሥራ ካልጀመረች ማሽኑ ተቆልፎ በውስጡ ያለው ሁሉ እንደሚጸዳ፣ ከዚያም እንደ አዲስ በስሜ እንደሚሰጠኝ ነው። መጥቼ ማሽኑን በስሜ አድርጉልኝ፣ የጻፈችውን ግን አትንኩብኝ ብዬ ለመንኩ። ባለ ክራቫቱ ደረሰኝ አሳዪኝ አለኝ። ሰጠሁት። ጮክ ብሎ አነበበው። «ወንበር ላይ እንዳትወጪ» የሚለው ላይ ሲደርስ ጓደኛውን ጠርቶ ደግሞ አነበበለት፤ አብረው ሳቁ። ከዚያ ፊቱን ኮስተር አድርጎ «ይሄ የዕቃ ስም አይደለም እናቴ፣ መጽዳት አለበት» አለኝ።

እኔ ልጄን አጥቤ ያሳደግኩ፣ በመጨረሻም አጥቤ የሸኘሁ ሴት ነኝ። እጇ ላይም አፏ ላይም ቆሻሻ አላየሁም። እናቷ ከወንበር እንዳትወድቅ ማሰቧ የሚጸዳ ነገር ሆኖ የታየው ሰው፣ በዚያው አፉ እናቴ አይበለኝ። ጉቦ ቢጠይቀኝ እንኳ ይህን ያህል አልጸየፈውም ነበር፤ ቢያንስ ሌባ ማጽዳቴ ነው አይልም።

ስለዚህ በትሕትና የምለምንዎ ይህን ነው። ሲስተማችሁ ውስጥ ለሞተ ሰው የሚሆን አንዲት ቦታ ያስገቡ፤ የሽያጭ ማሽን ያላቸው ነጋዴዎችም ይሞታሉና። የልጄንም ቃል ሳትነኩ ማሽኑን በስሜ አዙሩልኝ። አይሆንም ካላችሁ ሰኞ ኑና አጽዱ፤ በሩን እኔው እከፍትላችኋለሁ። እናንተ ስትወጡ ግን ቁጭ ብዬ ሁሉንም መልሼ እጽፈዋለሁ፤ ጥቁር የሚመስለውን ሰማያዊ ክር፣ ዚፑን፣ የሽማግሌውን ኮት ቁልፍ፣ እሷ ባለችው ቃል። ደረሰኞቹ ልብስ ሰፊው ኪስ ውስጥ አሉ፤ ከእነሱ የጎደለውን ደግሞ በቃሌ አውቀዋለሁ። የምጽፈው በአንድ ጣት ስለሆነ ይዘገያል። ዳግመኛ ብታጸዱትም ዳግመኛ እጽፈዋለሁ። ጣት ስትፈልጉ ነበር፣ ይኸው የእኔ ጣት።

ሳያውቁኝ ላስተናገዱኝ፣ ሳይጠይቁኝ ላረጋጉኝ፣ ልጄንም ዕረፍት ሳትጠይቅ ዕረፍት ለሰጧት ለእርስዎና ለመላው ሠራተኞችዎ ያለኝን አክብሮት፣ ከወረፋው ጫፍ ቆሜ፣ ተራዬ እስኪደርስ አቀርባለሁ።

የሟች ባለሱቅ እናት

ማስታወሻ፦ ግድግዳችሁ ላይ የነበረውን ፖስተር ፈልጋችሁ ያጣችሁት እንደሆነ ጥበቃውን አትቆጡ። ትናንት ወረፋ ላይ ሳለሁ ያወረድኩት እኔ ነኝ፤ ማንም ቀና ብሎ ስላላየኝ አልተቸገርኩም። አሁን ሱቁ ውስጥ ከማሽኑ በላይ ተሰቅሏል። ኮምፒውተሩ ላይ ምን ብላችሁ እንደምትሞሉት ከጨነቃችሁ፣ ፈቃድ ላይ ነው በሉ። የዓመት ዕረፍት።