አንድ ዓይኔን ከፍቼ የሰማሁት ቼሎ

ታዴዬ፣

ከተለየኸኝ ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። ሙት ዓመትህን አውጥተናል፤ ዕድርተኛው መጥቶ፣ በልቶ ጠጥቶ፣ ስምህን በደግ አንስቶ ሄደ። እኔ ጥቁሬን አላወለቅኩም። ልጃችን ማርቲ የአዲስ አበባ ሥራዋን ትታ እዚህ ዩኒቨርሲቲ ተቀጥራለች፤ የምትኖረውም ከእኔ ጋር ነው። ያንተ ወንበር ላይ ማንም እንዳይቀመጥ ከልክያለሁ፤ ድመቷ ግን አልሰማ ብላኛለች። ይቆረጥ ያልከው አቮካዶ ዘንድሮ አፈራ።

የምጽፍልህ ግን ስለ አቮካዶ አይደለም። ልጅህ ሰው መሀል ዓይኔን ልታስጨፍነኝ ተነሥታለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባህል አዳራሽ አካባቢ አንድ ሰፊ ክፍል ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሰዎች ይሰበሰባሉ። ሦስት ሙዚቀኞች፣ ሁለቱ በቫዮሊን አንዱ በቼሎ (ጉልበት መሀል ተይዞ የሚመታ ትልቅ ቫዮሊን በለው)፣ የፈረንጅ ክላሲካል ይጫወታሉ፤ በቴፕ ሳይሆን እዚያው ፊትህ። ሙዚቃው እየሄደ አንዲት ቀጭን ልጅ በለሆሳስ ትናገራለች፤ ዓይናችሁን ጨፍኑ፣ ትከሻችሁን አላሉ፣ ትንፋሻችሁን አዳምጡ። ማርቲ «ተመስጦ» ትለዋለች። ሐዘን ያቀላል አለችኝ። ሐዘኔ ከበደኝ ብዬ ለማን እንደተናገርኩ ጠየቅኳት።

አንተ መቼም ታውቀኛለህ። ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ዓሣ ስንበላ አባ ኮዳ አሞሮቹ እንኳ ተመካክረው የከበቡን ይመስለኝ ነበር፤ አንተ በእኔ ስትስቅ ዓሣህ ይቀዘቅዝ ነበር። ደግሞስ እንደ እኛ ሠላሳ ዓመት አስተምሮ ሠላሳ ዓመት ፈተና የፈተነ ሰው ጸጥ ያለ ክፍል እንዴት ያምናል? ስለዚህ መጀመሪያ የነፍስ አባታችን ዘንድ ሄድኩ። የማንን ስም ጥሩ ትላችኋለች ብለው ጠየቁኝ። ማንንም፣ ትንፋሻችሁን ስሙ ነው የምትለው አልኳቸው። ጥቂት አሰቡና «ትንፋሹን የሰጠሽ ማን ሆነና ነው?» ብለው ወደ መጽሐፋቸው ተመለሱ። እሳቸውንም ማርቲ ቀድማ ሳታነጋግራቸው አልቀረችም።

ሄድኩ። ነጠላዬን ተከናንቤ ከበሩ አጠገብ ያለችውን ወንበር ያዝኩ። ብዙዎቹ ምንጣፍ ላይ ተጋደሙ፤ ስንት የተከበረ ሰው ካልሲውን እያሳየ! ልጅቷ ጨፍኑ ስትል ሁሉም ጨፈነ። እኔ ግራ ዓይኔን ጨፍኜ በቀኙ ተቆጣጠርኩ፤ አንተ ከፊት እኔ ከኋላ ቆመን ስንፈትን እንደማደርገው። ማን ቦርሳውን የት እንዳስቀመጠ፣ ሙዚቀኞቹ በምን እንደሚጠቃቀሱ አየሁ። ልጅቷ ጭኗ ላይ ካስቀመጠችው ወረቀት እያየች ነው የምታወራው። ኩረጃ ነው አልኩ በልቤ።

ከዚያ ቫዮሊኖቹ ዝም አሉና ቼሎው ብቻውን ቀረ። በዐቢይ ጾም እንደምንሰማው በገና ዝቅ ያለ፣ ደረት ውስጥ የሚገባ ድምፅ ነው። ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ከጎኔ አማተቡ። ልጅቷ በመጨረሻ «ሰላም ከሁላችሁ ጋር ይሁን» ስትል እኛ ሦስት አራት እናቶች ጮክ ብለን «አሜን!» አልንና ተነሥተን ቆምን። ምንጣፍ ላይ የነበረው ሁሉ በርግጎ ተነሣ። እትዬ አስካለ ጭራሽ የሚሳለሙት መስቀል በዓይናቸው ይፈልጉ ነበር። መንገድ ላይ ማርቲ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች፤ እኔም ሳቅኩ። ካንተ ወዲህ እንደዚያ ስቄ አላውቅም።

ያላሳቀኝን ደግሞ ልንገርህ። ቼሎው ሲጫወት ቀኝ ዓይኔም ሊከደን ነበር። ፈራሁና እጄን ቆነጠጥኩ።

ያኔ ሆስፒታል ሳስታምምህ ሦስት ቀን አልተኛሁም ነበር። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ እግርህ ላይ አረፈች። ለአንድ አፍታ ብዬ ራሴን አልጋህ ጠርዝ ላይ ጣል አደረግኩ። ነርሷ ስትቀሰቅሰኝ አልፈሃል። ማርቲ ከአዲስ አበባ እየመጣች መንገድ ላይ ነበረች። ደርሳ ገና እያለቀሰች «ምን አለ? ስሜን ጠራ?» አለችኝ። «ጠራሽ፤ ልጄን እግዜር ይጠብቅልኝ ብሎ መርቆሽ ነው ያለፈው» አልኳት። ውሸቴን ነው ታዴዬ። ብትናገር እንኳ እኔ ተኝቼ ነበር። ማርቲ ግን ያን ምርቃት ለለቀስተኛው ሁሉ ተናገረች፤ እሱን ይዛ የቆመች ይመስለኝ ነበር። ዓይንሽን ጨፍኚ የሚለኝ ሁሉ ታዲያ ይህን ሊያወጣብኝ የመጣ መሰለኝ።

በሦስተኛው ቅዳሜ አልቻልኩም። ሁለቱም ዓይኖቼ ተከደኑ፤ ያቺ ፀሐይ እግርህ ላይ ታየችኝ። ብድግ ብዬ ወጣሁ። ማርቲ ጫማዋን በእጇ ይዛ ተከተለችኝ። እዚያው ደጁ ላይ፣ ባጃጆች እየተንጫጩ፣ ሁሉንም ነገርኳት። ተኝቼ ነበር፣ ምርቃቱን የፈጠርኩት እኔ ነኝ አልኳት።

ጫማዋን መሬት አስቀምጣ እግሯን አስገባች። ከዚያ «አውቃለሁ እማዬ» አለችኝ። «ነርሷ ያኔውኑ ነግራኛለች። ልትቀሰቅስሽ ስትል አባዬ ‹ተዪያት፣ ትተኛ› ብሎ በእጁ አመለከታት።»

እጅህ ታየኝ። ፈተና ላይ ያንቀላፋ ተማሪ ልቀሰቅስ ስነሣ ከፊት ሆነህ እንደዚያው በእጅህ ትከለክለኝ ነበር። ስለዚህ እውነት ሊሆን ይችላል። ግን ደግሞ የማን ልጅ እንደሆነች አውቃለሁ። እኔ እሷ እንድትጽናና ምርቃት ከፈጠርኩላት፣ እሷስ እኔ እንድተኛ ይህን ፈጥራልኝ ቢሆን? ነርሷን ፈልጌ መጠየቅ እችላለሁ። ሁለት ጊዜ ሆስፒታሉ በር ድረስ ሄጄ ተመልሻለሁ።

አልጠይቅም። አንድ ነገር እንኳ ሳልመረምር ልመን ብዬ ወስኛለሁ። ሚስትህ ሳትመረምር አመነች ቢሉህ አንተ ራስህ ሳታጣራ አታምንም ነበር።

ነገ ቅዳሜ ነው። የበሩን ወንበር ለእትዬ አስካለ ለቅቄላቸዋለሁ፤ እኔ ምንጣፉ ላይ ከማርቲ ጎን እጋደማለሁ። ያን እጅህን፣ ያላየሁትን እጅህን፣ አንተ ጋ እስክመጣ አልረሳውም። ነገ ሁለቱንም ዓይኔን እጨፍናለሁ። እንቅልፍ ከወሰደኝ እንዳትቀሰቅሰኝ ለማርቲ ነግሬያታለሁ።

ጠርጣሪዋ ሚስትህ