ያልፈታሁት ስፌት

ውድ እትዬ፣

ከተለዩን ዛሬ መቶ አሥራ ሁለተኛ ቀን ነው። ቆጥሬ ነው፤ መቁጠሬ አይገርምዎትም። "ይቺ ሜትር የዋጠች!" ይሉኝ ነበር። ልጆቹም ከእርስዎ ሰምተው አክስት ሜትር አሉኝና በዚያው ቀረሁ።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው አንድ ነገር ስለደበቅሁዎት ነው። ነገ ጠዋት የመጨረሻዋ የልጅ ልጅዎ፣ ሚጢጢ፣ ዓይን ሐኪም ዘንድ ልትወስደኝ ቀጠሮ ይዛለች። ነገሩ እዚያ መውጣቱ አይቀርም። ከሐኪሙ በፊት እርስዎ ይስሙት።

እዚህ ቤት የመጣሁት ወንድሜ፣ ባልዎ፣ በሞተ ጊዜ፣ ሁለት ሳምንት አጽናንቼዎት ልመለስ ነበር። እርስዎ የሠላሳ አራት ዓመት ሴት ነዎት፤ አምስት ልጆችና አንድ የስፌት መኪና ቀርተውልዎታል። እኔ ስፌቴ ሲጣመም ጣቴን በማስመሪያ እየተመታሁ ከተማርሁበት አዳሪ ትምህርት ቤት የወጣሁ የሃያ ሁለት ዓመት ልጃገረድ ነኝ። በሦስተኛው ቀን ጨርቅ በዓይንዎ ለክተው ሲቆርጡ አይቼ መታገሥ አቃተኝ።

"እትዬ፣ አይለኩትም እንዴ?"

"ልጁን እያየሁት አይደል እንዴ!"

"ልጁ ሌላ፣ ጨርቁ ሌላ።"

"እንግዲያው ነይ አንቺ ቁረጪው! እኔ እሰፋዋለሁ።"

ሁለቱ ሳምንት ሃምሳ አንድ ዓመት ሆነ። እኔ ስቆርጥ፣ እርስዎ ሲሰፉ፣ የከተማው ልጅ ሁሉ በእኛ ዩኒፎርም ተማረ። ጠርዙን ሁልጊዜ ወፍራም አድርገው ያጥፉት ነበር። አያምርም ብዬ ስከራከርዎት፣ "እስከሚመጣው ዓመት ይረዝማል፤ እናቱ ሌላ ከየት ታመጣለታለች?" ይሉኛል። የተጣሉ ባልና ሚስት ከስፌት መኪናው ፊት ለፊት አግዳሚው ላይ ይቀመጣሉ። እርስዎ ስፒል በከንፈርዎ ስለያዙ "እህ" ከማለት በቀር መናገር አይችሉም። እነሱ ተናግረው ተናግረው ሲደክማቸው ታርቀው ይሄዳሉ፤ ምስጋናውን ግን እርስዎ ይወስዳሉ።

ዓይንዎ የደከመው በሰማንያ አንድ ዓመትዎ ነው። አልነገሩኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም። መርፌው ላይ ክር አስገብቼ አጠገብዎ አስቀምጥ ነበር። ከምሳ በኋላ ጋደም ሲሉ በሩን ገርበብ አደርግና የሰፉትን በምላጭ ፈትቼ እንደገና እሰፋዋለሁ። መኪናው እንዳይቀሰቅስዎት በእጄ ነበር የምሰፋው፤ የእጅ ስፌት መሆኑ እንዳይታወቅም መርፌዬን አንድ አንድ ስፌት ወደ ኋላ እየመለስሁ፣ የመኪና እስኪመስል። አራት ዓመት እንዲህ ሠራሁ። ደንበኞች "የእማማ እጅ ዛሬም ያው ነው" ሲሉ ፊትዎ ይፈካል፤ እኔም ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ ደስ ይለኛል። እውነቴን ነው፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ቅር ብሎኝ አያውቅም።

ያ ቀን የከተማው ሰዎች አዳራሽ ጠርተው የሸለሙዎት ቀን ነው። ማይኩን ሲያቀብሉዎት እጅዎን ከፍ አድርገው፣ "አምስት ልጅ ብቻዬን አሳደግሁ፣ በዚህ እጄ!" አሉ። ሰው ቆሞ አጨበጨበ። እኔም ሦስተኛው መስመር ላይ ቆሜ አጨበጨብሁ። "ብቻዬን" ያሉት ቃል ቤት ድረስ ተከተለኝ። ያለ ባል ማለትዎ እንደነበር ዛሬ ይገባኛል። ያን ሳምንት ግን እንዲገባኝ አልፈለግሁም።

በዚያው ሳምንት የሚጢጢን ነጭ ጋዋን ጨረሱ። በነርስነት ልትመረቅበት ነው። ተኝተው ሳሉ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። የግራው እጅጌ በቀኝ በኩል ተሰፍቷል፤ ኮሌታው ወደ አንድ ጎን ሄዷል። ምላጩን አነሣሁ። ከዚያ መልሼ አስቀመጥሁት። "አንድ ቀን እንኳ ብቻቸውን የሰፉት ይታይ" አልሁ። ጋዋኑንም ተኩሼ ሰቀልሁት። ከሁሉ የሚያሳፍረኝ መተኮሴ ነው።

ሚጢጢ መስተዋት ፊት ቆማ፣ "አክስቴ፣ እጅጌው..." ብላ ጀመረችና የእርስዎን በር አየች። "ግድ የለም፣ እማማ እንዳትሰማ" ብላ ለብሳው ወጣች። የምረቃው አዳራሽ ውስጥ ከኋላችን የተቀመጠች ሴት፣ "ያቺን እዩዋት! ማነው የሰፋላት? በጨለማ ነው እንዴ?" ብላ ሳቀች። እርስዎ ሰሙ። ኋላ ልጅቱን ሲያቅፏት ጣትዎ በትከሻዋ ስፌት ላይ ሄደ፣ ቆመ፣ ተመለሰ። ቤት እንደገባን መኪናውን በአንሶላ ሸፈኑት። ልጆችዎ "እሰይ! እማማ በመጨረሻ ከስፌት ዐረፈች" ብለው ደስ አላቸው።

በሦስተኛው ቀን ጠየቁኝ።

"አንቺ፣ የዚያን ጋዋን እጅጌ አላየሽውም ነበር?"

በሃምሳ አንድ ዓመት አንድ የተጣመመ ጠርዝ ያላመለጠኝ ሴት፣ "አላየሁም፣ እትዬ" አልሁ።

የጠበቅሁት ቁጣ ነበር። እርስዎ ግን እጄን በዳበሳ ፈልገው ያዙኝ። "ውይ የኔ እህት! አንቺም? ምነው ሳትነግሪኝ!"

ከዚያ ቀን ጀምሮ የጓሮውን ደረጃ ክንዴን ይዘው ያወርዱኝ ነበር። "ቀስ በይ። አንድ... ሁለት... ይቺኛዋ ከፍ ትላለች፣ አደራ!" ይሉኛል፤ እርስዎ ራስዎ ምንም ሳይታይዎት። ሻይ ስቀዳ "እንዳትቃጠዪ" ይላሉ። ባል አላገባሁም፣ ልጅ አልወለድሁም፤ እንዲህ የሳሳልኝ ሰው አላውቅም። እውነቱን ልናገር አፌን በከፈትሁ ቁጥር ያ እጅዎ ከክንዴ ላይ እንዳይነሣ ፈርቼ ዘጋሁት። እስኪያርፉ ድረስ ሰባት ወር ሙሉ ተደግፌዎት ወረድሁ።

በመጨረሻው ሳምንትዎ ሚጢጢን ጠርተው፣ "አክስትሽ ዓይኗ ደክሟል፤ ኩሩ ስለሆነች አትናገርም። እንዳትተዪያት" ማለትዎን ከራሷ የሰማሁት ባለፈው እሑድ ነው። ትልቁ ከተማ ያለው ሆስፒታል ሥራ ሰጥቷት ኖሯል።

"መቼ ነው የምትሄጂው?" አልኋት።

"አልሄድም። እዚሁ ጤና ጣቢያ ይበቃኛል።"

"ምን ነካሽ፣ ልጄ?"

"ማን ላይ ጥዬሽ ልሂድ? በይ አሁን ተነሺ፣ ክንድሽን ስጪኝ።"

ሰጠኋት፣ እትዬ።

ሆስፒታሉ መልሷን የሚጠብቀው እስከ ዓርብ ነው። እሷ ከሄደች እዚህ ቤት የሚገባ ሰው የለም። ስፌት ቤቱን ጠዋት እከፍታለሁ፣ ማታ እዘጋለሁ፤ በመካከሉ የጎረቤት ሬዲዮ እሰማለሁ። ሐኪሙ ፊደል ሲያሳየኝ "ደበዘዘብኝ" ማለት ምን ይከብደኛል? አንዴ ዋሽቼ ተሳክቶልኛል። ይህን ያሰብሁት አንድ ቀን አይደለም፤ ሦስት ቀን ሙሉ አስቤዋለሁ።

እሷ እንደሆነች እውነቱን ብነግራት ትምረኛለች። "ኧረ አክስቴ፣ ይሄም ነገር ሆኖ ነው!" ብላ ትስቃለች፤ ልጆችዎም እንደዚያው። ከእንግዲህ የሚቆጣኝ የለም። መቆጣት የሚገባዎት እርስዎ ነበሩ፤ እኔም የነፈግሁዎት ያንን ነው።

ሐኪም ቤቱ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃው ሥር ስንደርስ ሚጢጢ ክንዴን ትይዝና "አንድ..." ብላ ትጀምራለች። ያኔ እጇን ከክንዴ ላይ አንሥቼ፣ "ልጄ፣ ተዪኝ፤ አያለሁ" እላታለሁ።

ቁጣዎን የምትጠብቅ፣
የባልዎ እህት