አባባ በስልክ ያስደፈነው ጣሪያ

ይድረስ ለምወድህ አባቴ ለአቶ ገብረኪዳን፣
ደብረ ብርሃን

አባባ፣ ሰላምታዬ ከተቀመጥክበት ድረስ ይግባልህ። እንደምን ከረምክ? ዳሌህስ እንዴት ሆነልህ? ውርጩ ሲበረታ የሚነዝርህ ነገር አሁን ለቀቅ አደረገህ ወይ? ጾሙስ እንዴት ይዞሃል? ሐኪሙ መድኃኒቱን በባዶ ሆድ እንዳትወስድ ማለቱን እማዬ ነግራኛለች። አንተ ግን እንዳልሰማ ሆነህ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንደምትቆይ ማንም ሳይነግረኝ አውቃለሁ። እባክህ ስለ እኔ ስትል እሺ በላቸው። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። አንድርያስ እንደ ወትሮው በጭነት መኪናው ከስቴት ስቴት ሲዞር ይሰነብታል፤ እኔም ኦቤትስ በሚባል ሰፈር ያለው መጋዘን ለሥራ እየተመላለስኩ ነው። ቤተልሔም ቁመቷ ትከሻዬ ላይ ደርሷል፣ ምላሷ ግን እኔንም አልፎኛል። የምላሷን ነገር ወደ ታች ስትወርድ ታገኘዋለህ።

ይህን ወረቀት የሚያደርስልህ ጋሼ ወልደየሱስ የሚባል የቤተ ክርስቲያናችን ሰው ነው። ለፋሲካ አገር ቤት ሲገባ በእጅህ እንዲሰጥህ አደራ ብዬዋለሁ። ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንደምትል ይገባኛል። እኔ ስደውል ግን አንተ ድምፁን ታጎላውና እማዬ ከጓዳ፣ ወንድሜ አምሳሉ ከደጅ፣ እትዬ ፋናዬ ከአጥር ማዶ ሆነው ይሰሙኛል። የዛሬው የአንተና የእኔ ብቻ ነው። መነጽርህን አድርግና ብቻህን ሆነህ አንብበው። አትደንግጥ፣ የሞተም የታመመም የለም። ነገሩ የጣሪያው ነው።

ኅዳር ላይ ያደረግነውን መቼም አትረሳውም። ቤቱ አልሞቅ አለኝ፣ የጋዙ ሒሳብ ናላዬን አዞረው ብዬ ሳማርርህ «እስቲ ጣሪያውን ከውስጥ አሳዪኝ» አልከኝ። ስልኩን ይዤ ከኮርኒሱ በላይ ወዳለው ባዶ ቦታ ወጣሁ። በሁለቱም ጫፍ ግድግዳው ላይ ሽንሽን መስኮት የመሰለ ክፍተት፣ በክፈፉ ዙሪያ ደግሞ ብርሃን የሚያሳይ ስንጥቅ ስታይ ተቆጣህ። እንዲህ አድርጎ ሠርቶ ገንዘብ የተቀበለ ሰው አያፍርም ወይ፣ በዚህ ሁሉ ቀዳዳ ብርድ እየገባ ቤቱ በምን ይሙቅ አልክ። ከዚያ አንድ በአንድ እያመለከትከኝ አስደፈንከኝ። ከአገር ቤት ይዤያቸው የመጣሁትን ሁለት የደብረ ብርሃን ብርድ ልብሶች ለሁለቱ መስኮቶች፣ የአንድርያስን አሮጌ ጃኬቶች ለስንጥቆቹ አዋልኳቸው። «ጠበቅ አድርጊው፣ ጣት እንዳያሳልፍ» ትለኝ ነበር። እኔም ጣቴን እየሰደድኩ ፈተሽኩልህ።

አባባ፣ ከወደቅክ ወዲህ እንደዚያ ያለ ድምፅ ሰምቼብህ አላውቅም ነበር። ከትምህርት ቤቱ ጣሪያ ተንሸራተህ ዳሌህ ከተሰበረ በኋላ መዶሻህን ለሰው ሰጠህ። ዓመት ሙሉ ስደውል «ደህና ነኝ» ትልና ስልኩን ለእማዬ ታቀብላታለህ። አምሳሉ ስለ ገዛ ቤቱ ቆርቆሮ ሊያማክርህ ቢመጣ እንኳ «እኔ ምን አውቃለሁ» ብለህ ፊትህን እንዳዞርክበት ነግሮኛል። ከኅዳር በኋላ ግን ነፍስ ዘራህ። «ጣሪያችን እንዴት አደረ?» እያልክ አንተው ትደውል ጀመር። በዕድሩ ስብሰባ ላይ ተነሥተህ አሜሪካ ያለ ቤት ከዚህ ሆኜ ደፈንኩ ብለህ መናገርህን እማዬ ስታጫውተኝ ስቄ ስቄ መጨረሻው ለቅሶ ሆነብኝ። ጥር ላይ የሆነውን ሁለት ወር ሙሉ የደበቅኩህም በዚሁ ምክንያት ነው። ያ ዝምታህ ተመልሶ እንዳይመጣብኝ ፈራሁ።

መጀመሪያ ላይ ቤቱ እውነትም ሞቀን፣ ታኅሣሥን ስንመርቅህ ነው የከረምነው። ከጥምቀት ማግስት ግን በረዶው እስከ ጉልበት ወረደ። የእኛ አገር በረዶ ጠጠር ሆኖ ወርዶ ወዲያው ይሟሟል፤ የዚህኛው እንደ ዱቄት ተነጥፎ ሳምንታት ይቀመጣል። የጎረቤቶቼ ጣሪያ ነጭ ለብሶ ሲቆይ የእኛው ብቻውን ከላይ ይቀልጥ ጀመር። እኔ ቂሏ ቤታችን ከሰፈሩ ሁሉ ይሞቃል ብዬ ኮራሁ። ለካስ የቀለጠው ውሃ ቁልቁል ወርዶ ክፈፉ ላይ ሲደርስ መልሶ ይረጋል። እንዲህ እየተጠራቀመ ከአሸንዳው በላይ ክንድ የሚያህል የበረዶ ግድብ ሠራ። ከኋላ የሚመጣው ውሃ መውረጃ ሲያጣ በሸንግሉ ሥር ገባ። ሸንግል የሚሉት እዚህ በቆርቆሮ ፋንታ ደራርበው የሚመቱት የሬንጅ ንጣፍ ነው። አንድ ጠዋት ቤተልሔም ስትጮህ ሮጬ ብደርስ የኮርኒሱ ልስን ተቦድሶ አልጋዋ ላይ ወድቋል። ተመስገን ነው፣ እሷ ፊቷን ልትታጠብ ተነሥታ ነበር።

አንድርያስ በዚያ ሰሞን ቴክሳስ ነበር። ስደውልለት «ኢንሹራንሱን ኮል አድርጊያቸው፤ ሦስት ሰው ኤስቲሜት ሳይሰጥሽ ምንም ነገር ሳይን እንዳታደርጊ» አለኝ፤ ሦስት ሰው ዋጋ ሳይገምትልኝ እንዳልፈርም ማለቱ ነው። ኢንሹራንሱ ለክፍሉ ኮርኒስ እከፍላለሁ እንጂ ጣሪያው አይመለከተኝም አለ። ከዚያ ጣሪያ ሠሪ ፍለጋው ተጀመረ። አንደኛው ሳልጠራው በሩን አንኳክቶ የመጣ ነው። ጫማው ያብረቀርቃል። አንድ እርምጃ ወደ ላይ ሳይወጣ የምትበር ካሜራ ለቀቀና ጣሪያው በሙሉ ተነቅሎ መሠራት አለበት፣ አሥራ ዘጠኝ ሺህ ዶላር፣ ዛሬ ከፈረምሽ ግን እቀንስልሻለሁ አለኝ። እኔ ደግሞ ደንግጬ ብዕሩን ይዤለት ነበር። ያዳነችኝ ቤተልሔም ናት፤ አባቷ ሦስት ሰው ማለቱን ከክፍሏ ሆና ጮኻ አስታወሰችኝ።

ሁለተኛው የአገራችን ልጅ ነው። ዋጋው ግማሽ በግማሽ ይረክሳል። ውል እንጻጻፍ ስለው ቅር አለው። «እህቴ፣ በእኔና በአንቺ መካከል ወረቀት ምን ይሠራል?» ሲለኝ ይሉኝታ ያዘኝ፣ ቀብድ ልሰጠው ቦርሳዬን ከፈትኩ። ድንገት ብትወድቅ የሚያሳክምህ ኢንሹራንስ አለህ ወይ ብዬ ስጠይቀው ሳቀና «እንዲያው እመብርሃን ትጠብቀኛለች» አለኝ። አባባ፣ ያን ጊዜ አንተ ታየኸኝ። በረዶ ላይ ሆኖ እንዲህ የሚል ሰው ጣሪያዬ ላይ አላወጣም ብዬ፣ ሻይ አጠጥቼ በሰላም ሸኘሁት። አሁን ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ ሰላምታውም ቀዝቅዟል፣ ይሁን።

ሦስተኛውን ጎረቤቴ ናት ያመጣችልኝ። ዋልት ይባላል፣ ሰባ ዓመት ሳይሞላው አይቀርም፣ ጠጉሩ እንዳንተው ነጭ ነው። ሠራተኞቹን በረዶውን በእንፋሎት እንዲያቀልጡ ወደ ላይ ሰደዳቸውና እሱ ግን ወደ ውስጥ ገባ። ጣሪያ የሚታመመው ከሥሩ ነው እያለ ባትሪውን ይዞ ከኮርኒሱ በላይ ወጣ፣ እኔም ተከተልኩት። ጣውላው ሁሉ ላብ ላብ ብሎታል፣ የሚስማሮቹ ጫፍ ላይ ውርጭ ተንጠልጥሏል። ዋልት የመጀመሪያውን ብርድ ልብስ መዥረጥ አድርጎ አወጣና እያገላበጠ ሲያየው ቆየ። ከዚያ ዞር ብሎ ይህን ያደረገው ማነው አለኝ።

እንግዲህ ልጅህ ዓይኗን በጨው አጥባ ቤቱን የሸጠልን ሰውዬ መሆን አለበት አለች። ስምህን እዚያ ጨለማ ውስጥ፣ በሕይወቱ አይቶህ ለማያውቅ ፈረንጅ አሳልፌ ልሰጥ አልቻልኩም። ቤተልሔም ግን ከታች ሆና ትሰማኝ ኖሯል፤ በእንግሊዝኛዋ «ውሸቷን ነው፣ አያቴ ነው በስልክ ያዘዛት፣ እሱ ጣሪያ ሠሪ ነው» ብላ ጮኸች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ዋልት አልሳቀም። እዚያው ወጋግራው ላይ ተቀመጠና አባትሽ በምንድነው ጣሪያ የሚሠራው፣ በረዶ ይጥልባችኋል ወይ፣ ቤት የምታሞቁት በምንድነው እያለ ይጠይቀኝ ጀመር። እንደገባኝ ነገሩ እንዲህ ነው፦ በእኛ አገር የጣሪያ ጠላቱ ከውጭ ነው የሚመጣው፣ ዝናብና ነፋስ ነው፤ ስለዚህ መድፈን ነው። እዚህ ግን ከሥር ያለው ማሞቂያ ሙቀቱንና እንፋሎቱን ወደ ላይ ይሰዳል። እነዚያ ቀዳዳዎች የጣሪያው መተንፈሻ ናቸው፤ ሲደፈኑ ሙቀቱ ይታፈንና በረዶውን ከሥር ያቀልጠዋል። ብርዱ መዘጋት ያለበት ጣሪያው ላይ ሳይሆን ኮርኒሱ ላይ ነው፣ እዚያ ላይ እንደ ጥጥ ያለ ነገር በወፍራሙ ይነጠፋል።

ከዚያ አባትሽ የሠራውን ካላሳየሽኝ አለ። የአምሳሉን ቤት ፎቶ አውጥቼ ሰጠሁት። በጣቶቹ እየለጠጠ ሁለቱ ጎኖች የሚገናኙበት ላይ ቆርቆሮውን ያጠፍክበትን ቦታ ብቻ ደጋግሞ አየው። በመጨረሻ ይህ ሰው ውሃ ያስገባ ጣሪያ ሠርቶ አያውቅም አለኝ። እውነትህን ነው ብዬ መለስኩለት።

ዋጋው ስድስት ሺህ ስምንት መቶ ሆነ። እንደ ገበያችን ልከራከረው ብሞክር አልበገር አለ፤ ኋላ ግን የድፍኑን ነገር በሙሉ እኔው ካወጣሁ፣ ከኮርኒሱ በላይም የበሰበሰውን ጠርጌ ካጸዳሁ አራት መቶ ሊቀንስልኝ ተስማማን። ሸንግል በብርድ ስለማይጣበቅ በጥር በላስቲክ ሸፍኖልን ሄደና ባለፈው ሳምንት ቀኑ ሞቅ ሲል ተመልሶ ጨረሰው። ለእሱና ለሠራተኞቹ የምስር ወጥ አቀረብኩላቸው፣ ሁለት ጊዜ አስጨመሩኝ። ጣሪያው አሁን ደህና ነው። ብርድ ልብሶቹንም አጥቤ አልጋ ላይ መልሻቸዋለሁ። ገንዘቡም ቢሆን አንድርያስ ተጨማሪ ጉዞ እየያዘ እየከፈልነው ስለሆነ እሱን አታስብ፣ በእግዚአብሔር ይዤሃለሁ።

ይህን ሁሉ ከእኔ ጋር ይቀበር ብዬ ወስኜ ነበር። ባለፈው እሑድ ግን የእትዬ ፋናዬ ልጅ ጽጌረዳ ሚኒሶታ ቤት መግዛቷን፣ ከፋሲካ በኋላም የእሷን ጣሪያ በስልክ ልታስደፍን ቃል መግባትህን አንተው ስትነግረኝ ልቤ ድንግጥ አለ። ሚኒሶታ ከእኛም የባሰ በረዶ ነው። ዝም ብዬ ብቀር የእሷም ልጆች አልጋ ላይ ልስን ሊወርድ ነው። ስለዚህ ለጽጌረዳ እኔ አልነገርኳት፣ ለማንም አልነገርኩም፤ አንተው ደውልላት። መተንፈሻውን እንዳትነካ፣ ብርዱን ኮርኒሷ ላይ እንድትዘጋ ንገራት። ከአንተ አፍ ብትሰማው ነው ደስ የሚለኝ።

አባባ፣ አንድ ነገር ብቻ ለምንሃለሁ። ይህን አንብበህ «እኔ ምን አውቃለሁ» እንዳትለኝ። ተሳሳትክ፤ በማታውቀው በረዶ ተሳሳትክ። እኔም እኮ አሥራ አንድ ዓመት እዚህ ኖሬ ጎረቤት ሳልጠይቅ ነው የደፈንኩት። ተቆጣኝ፣ ሁለት ወር ስለዋሸሁህ ስደበኝ፣ ብቻ ስልኩን ለእማዬ አታቀብልብኝ። ጣሪያው ቢፈርስ ይሠራል፣ የአንተን ዝምታ ግን ሁለተኛ የምችልበት ጉልበት የለኝም።

ሌላም ጉዳይ አለኝ። ከጓሮ ያለው የመኪና ቤት ጣሪያው አልቋል። እሱ ማሞቂያ የለው፣ ኮርኒስ የለው፣ እንደ እኛ አገር ቤት ነው። ዋልት ሥራው ትንሽ ስለሆነ አልመጣበትም አለኝ፣ ቆርቆሮ ብታለብሺው ግን ይበቃዋል ብሏል። ስለዚህ ራሴ ልመታው ነው። ወንድሞቼን ሁሉ ጣሪያ ላይ ስታወጣ እኔን ሴት ናት ብለህ አንድ ቀን አላወጣኸኝም፤ የዚያን ዕዳህን ዘንድሮ ትከፍለኛለህ። ቆርቆሮው ስንት ጣት እንደሚደራረብ፣ ሚስማሩ በሸንተረሩ ላይ ይሁን በሸለቆው፣ ከየትኛው ጎን እንደሚጀመር አላውቅም። አንድርያስም አያውቅም።

እማዬን ጉልበቷን ሳምልኝ፤ ልትነግራት ከወደድክ፣ ሁለት ወር ሙሉ ደህና ነን እያልኩ ስላታለልኳት ይቅር ትበለኝ። አምሳሉንና ባለቤቱን፣ ልጆቻቸውንም አንድ በአንድ ሳምልኝ። እትዬ ፋናዬን እንኳን ልጅሽ የቤት ባለቤት ሆነች በላት። ቤተልሔም በገዛ እጇ በአማርኛ «አያቴ ይቅርታ» ብላ ጽፋልሃለች፣ ከሥር ተያይዟል። ጾሙን በሰላም አስፈጽሞ ለብርሃነ ትንሣኤው ያድርሳችሁ።

መሰላሉን ገዝቼ ግድግዳው ላይ አስደግፌዋለሁ። አንተ እስክትደውል አልወጣበትም።

ልጅህ ማንያህልሻል ገብረኪዳን
ክሊንተንቪል፣ ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ
መጋቢት ፲፰ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.