«እምቢ አልኩ» የማን እንደ ነበረ፦ የወይዘሮ ወርቅውሃ ተክለ ማርያም የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ወርቅውሃ ከአባታቸው ከአቶ ተክለ ማርያም ድንቁና ከእናታቸው ከወይዘሮ አፀደ ቀለመወርቅ ሰኔ 12 ቀን 1952 ዓ.ም. በአሰላ ከተማ ተወለዱ። ከዚህ በኋላ ያሉት ቀኖች በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ ራሳቸውም በዚያ ይቆጥሩ ነበርና። አባታቸው በከተማው በነበረው የስዊድኖች የእርሻ ፕሮጀክት ሾፌር ስለ ነበሩ፣ ወርቅውሃ ስዊድንኛ መጀመሪያ የሰሙት ከላንድሮቨሩ የኋላ ወንበር ላይ ነው።

ትምህርታቸውን እስከ ሁለተኛ ደረጃ በአሰላ ከተከታተሉ በኋላ፣ በ1978 አባታቸው ያመላልሷቸው በነበሩ ስዊድናውያን ባልና ሚስት አማካይነት ለነርስነት ትምህርት ስቶክሆልም ገቡ። ፊቲያ በሚባል የዳር ሰፈር ክፍል ተከራይተው ተማሩ። በ1980 አንዲት ጓደኛቸው ወደ አንድ የወጣቶች ማዕከል ይዛቸው ሄደች። እዚያ «ቶምግላስ»፣ ባዶ ጠርሙስ ማለት ነው፣ የሚባል የፓንክ ባንድ ይለማመድ ነበር። ዘፋኝ አልነበረውም። ወርቅውሃ ማይክሮፎኑን አንስተው ጮኹ፤ በዚያው ቀሩ።

የባንዱ መሪ ጊታር ተጫዋቹ ሲላስ ነበር። በሦስቱ የባንዱ ዓመታት ዜማው የጋራ፣ ግጥሙ ግን የወርቅውሃ ነበር። ከሁሉ የታወቀውን ዘፈን የጻፉት በ1982፣ ለነርስነት በሚለማመዱበት የሆስፒታል ክፍል አንዲት ኃላፊ «ስምሽ ለሕመምተኞቹ ይከብዳል፤ ቬራ እንበልሽ» ያለቻቸው ዕለት ነው። ነጩን ጋዋን አውልቀው ወጡ፤ ተመልሰውም አልገቡ። የዘፈኑ ስንኞች በስዊድንኛ ናቸው። አዝማቹ ግን «እምቢ፣ እምቢ፣ እምቢ አልኩ!» የሚል ጥርት ያለ አማርኛ ነው።

ዘፈኑን በሸክላ የማስቀረጹ ቀጠሮ በ1983 ጸደይ፣ ሰኞ ቀን ነበር። እሑድ ሲላስ ደውሎ «ወደ ማክሰኞ ተላልፏል» አላቸው። ማክሰኞ ሲሄዱ ስቱዲዮው ተዘግቷል። ቀረጻው በቀጠሮው ሰኞ ተካሂዶ አልቋል። ሲላስ አዝማቹን በጆሮው አጥንቶ ራሱ ዘፍኖታል። ሸክላው ሲወጣ «ግጥም፦ ሲላስ፤ ዜማ፦ ሲላስ» ይላል። የወርቅውሃ ስም የትም የለም። ሄደው ሲጠይቁት «ቋንቋሽን እዚህ አገር ማን ያውቀዋል?» ብሎ ሳቀባቸው።

ዘፈኑ አገሩን አዳረሰ። ሲላስ በሬዲዮ በተጠየቀ ቁጥር፣ አዝማቹ ትርጉም እንደሌለውና ድምፁን እሱ እንደ ፈጠረው ይናገር ነበር። ስለ ወርቅውሃ የጠየቀችውን ጋዜጠኛ «ገመድ የምትሸከምልን ልጅ ነበረች» ብሏታል።

የእኛም ሰው አልራራላቸውም። ፀጉራቸውን ተላጭተው መድረክ ላይ ስለሚጮኹ «አበደች» ያለ ነበር። ልጁን «እሷ ቤት እንዳትሄጂ» ያለም ነበር። ከዚያው ሰው መካከል ዛሬ እዚህ ተቀምጦ የሚያለቅስ አለ። ማን እንደ ሆናችሁ ራሳችሁ ታውቃላችሁ፤ እሳቸውም አልረሷችሁም ነበር።

ወርቅውሃ በ1986 የቱነልባና፣ የከተማው የምድር ውስጥ ባቡር፣ ነጂ ሆነው ተቀጠሩ፤ ቀዩን መስመር ሠላሳ ሰባት ዓመት ነዱ። በሥራቸው ስም «ቀይ መስመር» የተባለ የራሳቸውን ባንድ አቋቁመው አራት አልበም አወጡ። በ1988 ለትምህርት ከመጡት ኢንጂነር ከአቶ ገብረመድህን ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋቡ፤ በ1990 ልጃቸው ሊሊ ተወለደች። ብሬዴንግ ሰፈር በሚገኘው ቤታቸው ባለቤታቸው ብዙ ጊዜ «ክሰሺው፣ እኔ አብሬሽ እቆማለሁ» ይሏቸው ነበር። መልሳቸው አንድ ነበር፦ «ፍርድ ቤት አስር ሰው ነው የሚሰማኝ። እኔ የምፈልገው እሱ ባለበት፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ነው።»

ቀኑ መጣ። በ2023 ሲላስ የሸክላውን አርባኛ ዓመት በትልቅ መናፈሻ ውስጥ በኮንሰርት እንደሚያከብር አስነገረ። ወርቅውሃ ይህን እንደ ሰሙ «ቀይ መስመር»ን ለጊዜው አቆዩትና «ስፔር» የሚባል የጎን ባንድ አቋቋሙ፤ ባቡር ጣቢያ ላይ ቲኬት ያልያዘን የሚያስቆመውን በር ማለታቸው ነው። ሁለት ባቡር ነጂ ጓደኞቻቸው ጊታርና ቤዝ ያዙ፤ ሊሊ ከበሮ መታች። ያወጡት አልበም ስትሪት ፓንክ ነበር፦ ጊታሩ ቀላል፣ አዝማቹ ሰው ሁሉ አንድ ላይ የሚጮኸው። ጓደኞቻቸው «ከእርስዎ ሙዚቃ ይህ አይቀልም ወይ?» ቢሏቸው፣ «እንዲቀል ነው የምፈልገው። አንዴ የሰማው እንዳይረሳው» አሏቸው።

አልበሙን «የማን ነው?» አሉት። በዋናው ዘፈን ወርቅውሃ በስዊድንኛ «እምቢን ማን ጻፈው?» ብለው ይጠይቃሉ፤ ሌሎቹ «ወርቄ!» ብለው ይመልሳሉ። ከሽፋኑ ውስጥ «እምቢ አልኩ» ምን ማለት እንደ ሆነና ያች ማክሰኞ እንዴት እንዳለፈች የሚናገር አንድ ወረቀት አስገቡ። ዘፈኑን መጀመሪያ የብሬዴንግና የሁስቢ ሰፈር ወጣቶች ያዙት፤ አማርኛ የሚሰሙት ላልሰሙት አስረዱ። በሁለት ወር ውስጥ ፓንክ የሚወድ ሁሉ አወቀው። ሲላስ ብቻ የናቀው ይመስላል።

ኮንሰርቱ ነሐሴ ውስጥ ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። ወርቅውሃ የጠዋት ፈረቃቸውን ጨርሰው፣ የባቡር ነጂ ልብሳቸውን እንደ ለበሱ መጥተው ከኋላ አጥሩ ጋ ቆሙ። ሲላስ የታወቀውን ዘፈን ጀመረ። አዝማቹ ላይ ሲደርስ እንደ ልማዱ ማይክሮፎኑን ወደ ሕዝቡ አዞረ። ከግራ በኩል ጥቂት ልጆች «ማን ጻፈው?» አሉ። ከቀኝ «ወርቄ!» ተባለ። ሲላስ ሳቅ ብሎ ቀጠለ። በሁለተኛው አዝማች የጮኸው ግማሹ ሕዝብ ነው። በሦስተኛው መናፈሻው በሙሉ «ወርቄ! ወርቄ!» አለ። ሲላስ ጊታሩን አስቀምጦ ከመድረኩ ወረደ፤ አልተመለሰም።

አጠገባቸው የቆመችው ሊሊ በስዊድንኛ «እማዬ፣ አሁን በቃሽ?» አለቻቸው።

«የአርባ ዓመቱን በአንድ ከሰዓት?» አሏት።

ከዚያ በኋላ ጋዜጦች ጻፉ፤ አማርኛ የሚያውቁ ምሁራን መሰከሩ። አሳታሚው ሸክላውን እንደገና ሲያወጣ የወርቅውሃን ስም አስገባ። ታናሽ እህታቸው ሰርክ፣ የዚህ ጽሑፍ ጸሐፊ፣ ሽፋኑን ስታነብላቸው «ከሱ በላይ ነው ከሱ በታች?» ብለው ጠየቁ። «በላይ» አለቻቸው። «ይሁን» አሉ።

በ2024 መስከረም የጣፊያ ካንሰር እንዳለባቸው ታወቀ። በሚቀጥለው ጥር ሲላስ አበባ ይዞ ብሬዴንግ መጣ፤ ይቅርታ ልጠይቃት አለ። ሰርክ በሩ ላይ አቁማው ገብታ ነገረቻቸው። ወርቅውሃ ትራሳቸውን ተደግፈው ተነሡና «በሬዲዮ የዋሸውን አልጋዬ ሥር በሹክሹክታ አይመልስልኝም። በሬዲዮ ተናግሮ ይምጣ፤ በሩ ክፍት ነው» አሉ። ሰርክ ቃል በቃል አደረሰችለት። አበባውን ደረጃው ላይ ጥሎ ሄደ። ሬዲዮው እስከ መጨረሻው ቀን አልጋቸው አጠገብ ተከፍቶ ነበር። አልተናገረም።

ወይዘሮ ወርቅውሃ ንስሐ ገብተው፣ ሥጋ ወደሙ ተቀብለው፣ መጋቢት 14 ቀን 2025 በተወለዱ በ64 ዓመታቸው ባለቤታቸውና ልጃቸው እጃቸውን እንደ ያዙ ዐረፉ። ባለቤታቸውን አቶ ገብረመድህንን፣ ልጃቸውን ሊሊን፣ የልጅ ልጃቸውን ኖኅንና እህታቸውን ሰርክን ትተው አልፈዋል።

ሲላስ በዚህ የስንብት ሥርዓት ላይ ንግግር ለማድረግ ጠይቆ ነበር፤ ቤተሰቡ አልፈቀደም። መምጣት ግን አልተከለከለም። ይህ ታሪክ በስዊድንኛም የታተመው እንዲያነበው ነው። እሳቸው ያልሰጡትን ይቅርታ በስማቸው የሚሰጥ ከመካከላችን ማንም የለም።

የምሕረት ባለቤት እግዚአብሔር የእህታችንን ነፍስ ስሟ በማይሰረቅበት አገር፣ በአብርሃም እቅፍ ያኑርልን። ለሲላስም ረጅም ዕድሜና ደህና ጆሮ ይስጠው፤ ዘፈኑ በተከፈተ ቁጥር የጻፈችውን ሰው ስም እየሰማ ይኑር። አሜን።